የዓሣ ወደብንና የወደቡን ማኅበረሰብ መልሶ ማቋቋም፤ ከጣና ዳር እስከ ጉለሌ

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ የማስተማሪያ ጽሑፍ

መግቢያ

አገራችን ዛሬ የባሕር በር ባይኖራትም የዓሣ ወደብ አላት። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በአባያ፣ በጫሞና በቆቃ ዳርቻ ዓሣ አስጋሪዎች በየማለዳው ጀልባቸውን አስጠግተው ያገኙትን የሚያራግፉባቸው ሥፍራዎች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ የሲሚንቶ መቆሚያና የበረዶ ቤት አላቸው፤ ብዙዎቹ ግን ከጭቃማ ዳርቻና ከአንድ ዋርካ ጥላ ያለፈ ነገር የላቸውም። ያም ሆነ ይህ ለአስጋሪው፣ ለመረብ ጠጋኙ፣ ዓሣ ለምታጠራውና ለምትሸጠው ሴት፣ እንዲሁም ለጫኙና ለነጋዴው የኑሮ መሠረታቸው ይኸው ሥፍራ ነው።

ከእነዚህ ወደቦች መካከል አንዳንዶቹ ተዳክመዋል። ዓሣው አንሷል፣ መረቡ አርጅቷል፣ ዳርቻው ለሌላ ጥቅም ተወስዷል ወይም በአረም ተሸፍኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ አዲስ ጀልባ፣ አዲስ ሞተርና አዲስ ሕንፃ ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ነገሮች ብቻቸውን ወደብን ሊያድኑ እንደማይችሉ፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ከቀረቡ ግን ብዙ ሊረዱ እንደሚችሉ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ዋናው ምሳሌያችን የጣና ሐይቅ ነው።

1. የዓሣ ወደብ ሲባል ምን ማለት ነው?

የዓሣ ወደብ ማለት ጀልባ የሚቆምበት ቦታ ብቻ አይደለም። አንድ ወደብ በሥራ ላይ ነው የሚባለው ከዚህ በታች የተዘረዘሩት አምስት ነገሮች በአንድነት ሲገኙ ነው።

ሀ) ራሱን እየተካ የሚኖር የዓሣ ሀብት፤
ለ) አስጋሪው ያለ ክልከላ የሚጠቀምበት ዳርቻና ውሃ፤
ሐ) ለሐይቁ ተስማሚ የሆነ ጀልባና መረብ፤
መ) ዓሣው ሳይበላሽ ገበያ የሚደርስበት መንገድ፤
ሠ) ሥርዓት አውጥቶ ሥርዓቱን የሚያስከብር ማኅበር።

ከአምስቱ አንዱ ሲጐድል የቀሩት አራቱም ይዳከማሉ። ለምሳሌ ያህል ጥሩ ጀልባና ጥሩ ገበያ ኖሮ ዓሣው ካለቀ ጀልባው ዳርቻ ላይ ቆሞ ይበሰብሳል። ዓሣው ኖሮ ዳርቻው ከተወሰደ ደግሞ አስጋሪው በየቀኑ ሌላ ማራገፊያ ሲፈልግ ዓሣው በፀሐይ ይበላሻል። ስለዚህ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ወደ አንድ ወደብ ሲሄድ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው “ምን ልስጣችሁ?” ብሎ ሳይሆን “ከአምስቱ የጐደለው የትኛው ነው?” ብሎ ነው።

2. የጣና ወደብ ታሪክና የሚሰጠው ትምህርት

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ነገር ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር አካባቢ ነው። ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳር የሚኖረው የወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል በተሠራ ታንኳ እየቀዘፈ በመረብና በወጥመድ ዓሣ ሲያሰግር ኖሯል። ታንኳው ከዳር ብዙ ስለማይርቅ የሚያወጣው ዓሣ ጥቂት ነበር፤ መካከለኛው የሐይቁ ክፍልም ሳይነካ ይቀር ነበር።

በ1978 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የእርሻ ሚኒስቴርና በኔዘርላንድ የሚገኙ የእርዳታ ድርጅቶች በመተባበር በጣና የዓሣ ልማት ፕሮግራም ጀመሩ። ፕሮግራሙ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ አስገባ፤ አስጋሪዎችም በባሕር ዳር በማኅበር ተደራጁ። በዚህ ምክንያት አስጋሪው ከዳር ርቆ መሄድ ቻለ፤ ለከተማው የሚቀርበው ዓሣም በረከተ። ድሃ ለነበሩ ቤተሰቦች ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። የፕሮግራሙን ጥቅም መካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ችግር ታየ። በጣና ከሚገኙት ዋና ዋና የዓሣ ዓይነቶች አምባዛ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና ባርበስ ይጠቀሳሉ። የጣና ትልልቅ ባርበሶች በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያና በ1990ዎቹ መጀመሪያ መካከል ተመራማሪዎች በአንድ ዓይነት መረብ እያሰገሩ ባደረጉት ማነጻጸር፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የባርበስ ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል። የወጣቶቹ ዓሣዎች ቁጥር ደግሞ ከዚህም በባሰ ሁኔታ ወርዶ ነበር።

ምክንያቱ የጀልባው ብዛት ብቻ አልነበረም። ዋናው ምክንያት የተሰገረበት ጊዜና ቦታ ነበር። ይህን ለመረዳት ዓሣው እንዴት እንደሚራባ ማወቅ ያስፈልጋል።

3. ዓሣው የት፣ መቼና እንዴት ይራባል?

ባርበስ፡- ብዙዎቹ የባርበስ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ይጓዛሉ። ጉዞው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይከናወናል። ዓሣዎቹ በመጀመሪያ በወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ይቆዩና ውሃው ሲሞላ ወደ ላይ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠራማ ቦታ ነው። ለመራባት የሚደርሱት ከብዙ ዓመት ዕድገት በኋላ ስለሆነ በአንድ ክረምት የጠፋ ትውልድ በሚቀጥለው ዓመት አይተካም።

በወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ አስጋሪ በአንድ ሌሊት ብዙ ዓሣ ያገኛል። የሚያገኘው ግን እንቁላል የያዘችውን እናት ነው። ከዚህ ሌላ በአንዳንድ ወንዞች የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃው ውስጥ ይጨመራል፤ ይህም ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ ያፍናል። ከወንዝ ጠጠርና አሸዋ ማውጣት፣ በበጋ ወንዙን ለመስኖ ጠልፎ ማድረቅ፣ እንዲሁም ከእርሻ የሚታጠበው ደለል የመራቢያውን ጠጠር ያበላሻሉ።

ቆሮሶ፡- እናቲቱ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ይህንን የምታደርገው ጥልቀት በሌለው፣ ደንገልና ሌላ የውሃ ተክል ባለበት ዳርቻ ነው። ደንገሉ ሲነቀልና ዳርቻው ሲታረስ ጫጩቱ መጠለያ ያጣል።

አምባዛ፡- ክረምት ላይ ውሃ ወደሚተኛበት የሣር ሜዳ ወጥቶ ይራባል። በፎገራ ሜዳ ውሃው ሲሸሽ በየጉድጓዱ የሚቀረውን አምባዛ በቀላሉ መያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ከእንቁላል ጋር ያለችውን በመግቢያዋ ላይ መያዝ የመጪውን ዓመት ምርት መብላት ነው።

ከዚህ የምንማረው አስጋሪዎች “ዓሣ ጠፋ” ሲሉ መልሱ ከሐይቁ ውስጥ ብቻ እንደማይገኝ ነው። የባሕር ዳር ወደብ ሕልውና በደራና በፎገራ በሚያልፉ ወንዞች ላይም የተመሠረተ ነው። ስለዚህ የሐይቁ አስጋሪዎች ማኅበርና የወንዙ ዳር አርሶ አደሮች ማኅበር በአንድ ስብሰባ ላይ መቀመጥ አለባቸው።

4. የዳርቻው ማኅበረሰብና የዳርቻው መሬት

ወደብ ሲታደስ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከሁሉ በፊት በዚያ የነበረው ሰው ነው። የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ደንገል አጭደው ታንኳ ይሠራሉ፤ ከዚያው ደንገል ሰፌድና ቅርጫት ሰፍተው ይሸጣሉ። በማኅበረሰቡ ላይ የቆየ የመናቅና የማግለል ልማድ እንደነበረ የታወቀ ነው። ከተማው ሲሰፋና ዳርቻው ለሆቴል፣ ለመዝናኛና ለእርሻ ሲውል የደንገሉ ቦታ እየጠበበ ሄደ። የሞተር ጀልባ ለመግዛት አቅም ያልነበረው የታንኳ አስጋሪም ከማኅበር ውጭ የመቅረት አደጋ ደረሰበት።

የኤክስቴንሽን ሠራተኛው የሚከተሉትን ሊያስተውል ይገባዋል።

- በማኅበሩ መዝገብ ላይ የታንኳ አስጋሪዎች ስም አለ ወይስ የለም?
- የአባልነት መዋጮው የታንኳ አስጋሪውን የሚያገልል ነው? ከሆነ በትንሽ በትንሹ የሚከፈልበት መንገድ ሊበጅ ይችላል።
- ዓሣ የሚያጠሩና የሚሸጡ ሴቶች እንደ ሠራተኛ ብቻ ይቆጠራሉ ወይስ ድምፅ ያላቸው አባላት ናቸው?
- ጀልባ የሚያርፍበት፣ መረብ የሚሰጣበትና ደንገል የሚታጨድበት መሬት በጽሑፍ ተከልሏል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሁሉንም የሚወስነው እርሱ ነው። ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት የዳርቻው መሬት ከቀበሌውና ከከተማው አስተዳደር ጋር ተለክቶ በማኅበሩ ስም በሰነድ መያዝ አለበት። ሰነድ የሌለው ወደብ በታደሰ ማግስት ዋጋው ይጨምርና ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ እድሳቱ ራሱ አስጋሪውን ያፈናቅለዋል ማለት ነው።

5. የውሃው ከፍታና እምቦጭ

የጣና ውሃ ከፍ ዝቅ ማለቱ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ ከተሠራ በኋላ ግን የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅም የሚወሰን ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. ውሃው በጣም ዝቅ በማለቱ ትልልቅ ጀልባዎች ለወራት ጉዟቸውን እስከ ማቋረጥ ደርሰው ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ስለሆነም በአንድ ዓመት ከፍታ ብቻ ተለክቶ የተሠራ መቆሚያ በሌላው ዓመት ደረቅ ላይ ሊቀር ወይም ሊሰጥም ይችላል። የዳርቻው ሽማግሌዎች ውሃው በክረምት እስከ የት እንደሚደርስና በግንቦት እስከ የት እንደሚሸሽ ያውቃሉ። ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ምልክቶች በችካል ይያዙ። ተንሳፋፊ ወይም ደረጃ ያለው መቆሚያ ከቋሚው ይመረጣል።

እምቦጭ በጣና መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። አረሙ ጀልባን ያግዳል፣ መረብን ያጠላልፋል፣ የውሃውን ኦክሲጅን ያሳንሳል፣ ቆሮሶ የሚራባበትንም ዳርቻ ይሸፍናል። እምቦጭ የሚስፋፋው በውሃው ውስጥ ማዳበሪያና ቆሻሻ ሲበዛ ስለሆነ ነቅሎ መጣል ብቻውን አይበቃም። ሲነቀልም እንደሚከተለው ይደረግ፡-

ሀ) አበባ ከማውጣቱ በፊት ይነቀል፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላልና፤
ለ) ከውሃው ርቆ ጐርፍ በማይደርስበት ቦታ ይከመር፤
ሐ) ከሥሩና ከቅጠሉ የተቆረጠ ቁራጭ በውሃው ላይ አይተው፤ ቁራጩ ብቻውን ይበቅላል፤
መ) ጀልባና መረብ ከአንድ ዳርቻ ወደ ሌላ ሲሄዱ ተፈትሸው ይታጠቡ፤
ሠ) በነቀላው ጊዜ ደንገሉ አብሮ እንዳይነቀል ጥንቃቄ ይደረግ።

6. ከሌሎች አገሮች ልምድ

ለጣናው ፕሮግራም እርዳታ ካደረጉት ድርጅቶች አንዱ የመጣው ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ነበር። የኡርክ ታሪክ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ኡርክ በባሕር የተከበበች ደሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1932 መንግሥት ያንን የባሕር ክፍል በረጅም ግድብ ዘጋው፤ ውሃውም ጨዋማነቱን አጥቶ ሐይቅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1939 ደግሞ በአዲስ ግድብ ከየብስ ጋር ተያያዘች። ብዙዎች የአስጋሪነት ሥራዋ ያከትማል ብለው ነበር። አስጋሪዎቿ ግን ጀልባቸውን ወደ ሌሎች ወደቦች አዛውረው በሰሜን ባሕር ማስገር ቀጠሉ፤ ያገኙትንም በጭነት መኪና ወደ ከተማቸው የጨረታ ገበያ ያመጡ ጀመር። ኡርክን ያቆያት የጀልባ ማቆሚያዋ ሳይሆን ገበያዋ፣ የማጠሪያ ሥራዋና የነዋሪዎቿ ኅብረት ነው።

የካናዳ ክፍል የሆነችው ኒውፋውንድላንድ ታሪክ ግን የተለየ ነው። በዚያ ትልልቅ መርከቦች ኮድ የተባለውን ዓሣ ከመጠን በላይ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ1992 መንግሥት ማስገሩን አገደ። 30,000 ያህል ሰዎች ሥራ አጡ። እገዳው ሲታወጅ ለሁለት ዓመት የተባለ ቢሆንም እስከ 2024 ድረስ ቆይቷል። መቆሚያው፣ የበረዶ ቤቱና ፋብሪካው ሁሉ ነበረ፤ ዓሣው ብቻ አልነበረም።

በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 በወጡ ሕጎች መሠረት በየጠረፉ የሚገኙ የአስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአካባቢያቸው ውሃ የማስገር መብት ተሰጣቸው። መብቱ የማኅበሩ ስለሆነ መጠበቁም የማኅበሩ ኃላፊነት ሆነ። የራሱ የሆነውን ውሃ ሌላ ሰው ሲያራቁተው ዝም የሚል ማኅበር ጥቂት ነው።

7. ወደብን ለማደስ የሚደረግ የሥራ ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ መቁጠር። ለአንድ ዓመት ያህል በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን በማራገፊያው ላይ የሚከተለው ይመዝገብ፡- ስንት ጀልባና ስንት ታንኳ ወጣ፤ እያንዳንዱ ስንት መረብ ዘረጋ፤ በየዓይነቱ ስንት ኪሎ ዓሣ ተገኘ፤ የዓሣው ርዝመት ምን ያህል ነው። ዋናው ቁጥር የአጠቃላዩ ኪሎ ሳይሆን አንድ መረብ በአንድ ሌሊት የሚያገኘው ነው። አጠቃላዩ ምርት እያደገ የአንድ መረብ ድርሻ ቢቀንስ ሐይቁ እየተራቆተ ነው ማለት ነው። የሚያዘው ዓሣ ርዝመት ከዓመት ወደ ዓመት ካጠረም ምልክቱ ያው ነው።

ሁለተኛ፣ ሥርዓት ማውጣት። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረታዊውን ሕግ ደንግጓል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛው የመረብ ዓይን ስፋትን፣ የተከለሉ ቦታዎችንና የተዘጉ ወራትን የሚመለከተውን የክልሉን ደንብ በቀላል ቋንቋ ለአባላት ያስረዳ። ማኅበሩም ለራሱ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይወስን፡- በመራቢያ ወራት በወንዝ አፍ ላይ መረብ አለመዘርጋት፤ ከውጭ በሕገወጥ መንገድ የሚገባውን ቀጭን አንድ ክር የፕላስቲክ መረብ አለመጠቀም፤ ብርብራንም ሆነ ሌላ መርዝ ፈጽሞ መከልከል። ቀጭኑ መረብ በርካሽ ይገዛል፣ በቶሎም ይቀደዳል፤ በሐይቁ ውስጥ የተጣለው ቁራጭ ግን ሳይበሰብስ ለረጅም ጊዜ ዓሣና ወፍ ይገድላል።

ሦስተኛ፣ የተዘጉትን ወራት የሚያሻግር ገቢ ማዘጋጀት። “ክረምቱን አታስግር” የሚባለው ሰው ክረምቱን ምን ይብላ? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የወጣ ሥርዓት በሌሊት ይሻራል። በበጋ ከሚገኘው ገቢ በየሳምንቱ ትንሽ ቁጠባ በማኅበሩ ይያዝ፤ በመራቢያ ወራት ከወንዝ አፍ ርቆ በሚፈቀደው ቦታ ብቻ ይሰገር፤ መረብ ጥገና፣ ጀልባ ማደስና ችግኝ ተከላ ለዚህ ጊዜ ይቆዩ።

አራተኛ፣ ብልሽትን መቀነስ። አዲስ ጀልባ ከመግዛት በፊት የተያዘው ዓሣ ሁሉ መሸጡ ይረጋገጥ። ለምሳሌ ያህል አንድ ጀልባ በቀን 60 ኪሎ አውጥቶ 15 ኪሎው ቢበላሽ የሚሸጠው 45 ኪሎ ነው። ብልሽቱ ወደ 5 ኪሎ ቢወርድ 55 ኪሎ ይሸጣል። ብልሽቱ ሳይቀንስ 55 ኪሎ ለመሸጥ ግን ከሐይቁ 73 ኪሎ ያህል ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ጥሩ አያያዝ ለአስጋሪው 10 ኪሎ፣ ለሐይቁ ደግሞ 13 ኪሎ ያተርፋል።

አምስተኛ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ መገንባት። ለአንድ መካከለኛ ማራገፊያ የሚያስፈልገው ታጥቦ የሚደርቅና ወደ ጎን ያዘነበለ የሲሚንቶ ወለል፣ ጣራ፣ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ፣ ዓሣ የሚጠራበት ጠረጴዛ፣ ሚዛን፣ የበረዶ ሳጥን፣ የመረብ መስጫ፣ ከውሃው የራቀ መጸዳጃ ቤትና የሆድ ዕቃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። የማጠቢያው ቆሻሻ ተመልሶ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ይደረግ።

8. ስለ ዓሣ አያያዝ

ዓሣ ከውሃ በወጣ ጊዜ መበላሸት ይጀምራል። በቆላማ ወይም ሞቃታማ አየር ያለ በረዶ ከግማሽ ቀን በላይ ጥራቱን ጠብቆ አይቆይም። ስለዚህ፡-

- መረብ በሌሊት ተዘርግቶ ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ ይነሣ፤ በመረብ ላይ ሞቶ የዋለ ዓሣ ከውሃ ሳይወጣ ይበላሻል።
- ዓሣው በጀልባው ላይ በእርጥብ ጆንያ ወይም በደንገል ይሸፈን፤ አይረገጥ።
- ወዲያው የሆድ ዕቃውና ስንጥቡ ወጥቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።
- ለረጅም ጉዞ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ይያዝ። ከዚህ በረዶ ሩብ ያህሉ ዓሣውን ለማቀዝቀዝ ያልቃል፤ የቀረው በመንገድ ላይ የሚገባውን ሙቀት ይከላከላል። በረዶው ተሰባብሮ ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ይነስነስ፤ የሚቀልጠው ውሃም መውጫ ይኑረው።
- በረዶ በሌለበት ዓሣው ተሰንጥቆ ለ3 ወይም ለ4 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ ጨው ተቀብቶ በቆጥ ላይ ይድረቅ። መሬት ላይ የተሰጣ ዓሣ አሸዋና ትል ይይዛል። ከጣና የሚወጣ ደረቅ ዓሣ ወደ ሱዳን ሲሸጥ የኖረው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው።

ከ100 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚገኘው ፊሌቶ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳና የሆድ ዕቃ ነው። ጭንቅላትና አጥንት ለመረቅ፣ የሆድ ዕቃው ተቀቅሎና ደርቆ ለዶሮ መኖ ወይም ተቀብሮ ለማዳበሪያ ሊውል ይችላል። ፊሌቶ የማውጣቱ ሥራ በወደቡ ላይ ከተሠራ የሥራው ደመወዝም ተረፈ ምርቱም ለወደቡ ማኅበረሰብ ይቀራል፤ ለጭነት የሚከፈለውም ይቀንሳል።

9. ጉለሌን ለምን ይመለከተዋል?

ጉለሌ ሐይቅም ወደብም የለውም። ነገር ግን ከዓሣ አስጋሪው ጋር በሦስት መንገድ ይገናኛል።

በመጀመሪያ፣ የጎጃም መንገድ ከሱሉልታ ወርዶ አዲስ አበባ የሚገባው በጉለሌ በኩል ነው። ከባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ የጣና ዓሣ በቅድሚያ የሚያገኘው ይህንን ክፍለ ከተማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጉዞውን አስቸጋሪ አድርጎታል። እንዲህ ባለ ጊዜ በረዶ የሚፈልግ ትኩስ ዓሣ ብቻ የሚያቀርብ ማኅበር ይከስራል፤ ደረቅ ዓሣም የሚያዘጋጅ ማኅበር ግን መንገድ እስኪከፈት መጠበቅ ይችላል። የጉለሌ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከአስጋሪዎች ማኅበር ጋር በቀጥታ ውል ቢገቡ የደላላው ድርሻ ለሁለቱ ወገን ይከፈላል። ውሉ የዓሣውን ዓይነት፣ አነስተኛ ርዝመትና የማስረከቢያውን ቀን ይወስን።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባ ነገር አለ። በአዲስ አበባ የዓሣ ፍላጎት የሚጨምረው በጾም ወራት ነው። ዐቢይ ጾም የሚውለው በበጋና በበልግ ስለሆነ ከባርበስ መራቢያ ጋር አይጋጭም። የፍልሰታ ጾም ግን ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሲሆን ባርበስ ወደ ወንዝ በሚወጣበት ጊዜ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሸማቹ በነሐሴ ባርበስን ትቶ ከኩሬ እርባታ የተገኘ ቆሮሶ ወይም በበጋ የደረቀ ዓሣ ቢገዛ ለጣና ትልቅ እርዳታ ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ በጉለሌ ሽሮ ሜዳ የሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ካለው ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። ድርና ማግ በዱቤ ወስዶ ጋቢውን ለዚያው ነጋዴ የሚሸጥ ሸማኔ ዋጋ መወሰን እንደማይችል ከራሳቸው ሙያ ያውቁታል። መረብና ነዳጅ በዱቤ የሚወስድ አስጋሪም እንዲሁ ነው። መረብን በጅምላ ገዝቶ ለአባላቱ በተመጣጣኝ ብድር የሚያቀርብ ማኅበር አስጋሪውን ከዚህ እዳ ያወጣዋል። ለዚህም በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት በሕግ የተመዘገበ፣ ሒሳቡ በየጊዜው የሚመረመርና እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ያለው ማኅበር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ከእንጦጦ ተነሥተው በጉለሌ የሚያልፉት ቀጨኔና ሌሎች ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከዚያም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽና ወደ ቆቃ ሐይቅ ይወርዳሉ። በቆቃ ዳር የሚያሰግሩ ሰዎች አሉ። ጉለሌ ላይ ወደ ወንዝ የሚጣል ቆሻሻና ከየፍሳሹ የሚገባ እዳሪ የእነርሱን ውሃ ያበላሻል፤ እምቦጭንም ይመግባል። የእንጦጦን ተዳፋት በአገር በቀል ዛፍ መሸፈንና የወንዙን ዳር ማጽዳት ለጉለሌ ነዋሪ ጤና፣ ለቆቃ አስጋሪ ደግሞ እንጀራ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው በአጭሩ ሲታይ የወደብ እድሳት ቅደም ተከተል ይህ ነው፡- በመጀመሪያ ዓሣውን መቁጠርና የሚራባበትን መጠበቅ፤ ቀጥሎ የዳርቻውን መሬትና የዳርቻውን ሰው መብት በሰነድ ማስያዝ፤ ከዚያ ብልሽትን መቀነስና ገበያ ማግኘት፤ በመጨረሻ ጀልባና ሕንፃ መጨመር። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በሞተር የተገኘው ጥቅም ለጥቂት ዓመታት ታይቶ ይጠፋል፤ በጣና የታየውም ይኸው ነው። ሐይቁ ግን ገና አላለቀም። አምባዛና ቆሮሶ አሁንም ይገኛሉ፤ ባርበሱም ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ወንዙ ለመውጣት ይሞክራል።

ለማኅበራት ስብሰባ የሚሆኑ የመወያያ ጥያቄዎች

1. በወደባችን ከአምስቱ መሠረቶች የጐደለው የትኛው ነው? ማስረጃችን ምንድን ነው?
2. አንድ መረብ በአንድ ሌሊት የሚያገኘው ዓሣ ከ10 ዓመት በፊት ስንት ነበር? ዛሬስ? ሽማግሌዎችና ወጣቶች ለየብቻ ይናገሩ።
3. በአካባቢያችን ዓሣ የሚራባባቸው ወንዞችና ዳርቻዎች የትኞቹ ናቸው? በዚያ ከሚያርሱት ጋር መቼ እንሰበሰባለን?
4. በስብሰባችን ላይ ያልተገኘ፣ ነገር ግን ከወደቡ የሚኖር ማን ነው? ለምን አልተገኘም?
5. ለመጪው ክረምት በማኅበሩ የተቆጠበ ገንዘብ አለ? ከሌለ ከጥቅምት ጀምሮ በየሳምንቱ ምን ያህል እንቆጥብ?

የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጡትን መልሶች በቃለ ጉባኤ ይዞ ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ስብሰባ ላይ መልሶ ያንብብ።